የከሳች ዶሮ ሰውነቷ የሚመለሰው እንዴት ነው?

እኔ በምዕራብ ጎጃም በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ትልቅ ጉዳይ አይደለም፤ ስለ ዶሮ ነው። ይኸውም ስለ ከሳች ዶሮ። «ዶሮ ከሳች ተብሎ ደግሞ በሬዲዮ ይነገራል እንዴ?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን ዶሮ በገጠር ቤት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነች እናንተም ታውቁታላችሁ። ጨው ሲያልቅ፣ ሳሙና ሲጠፋ፣ ልጅ ደብተርና እርሳስ ሲጠይቅ፣ የእናት እጅ መጀመሪያ የሚዘረጋው ወደ እንቁላሉ ነው። በሬውና ላሙ የአባወራው ሲባሉ ዶሮዋ ግን የእማወራዋና የልጆቿ ናት። ስለዚህ ዶሮ ስትከሳ አብሮ የሚከሳው የቤቱ ኪስ ነው።

በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ማስተማር እንደ ጀመርኩ አንዲት የ4ኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። እናቷ «እንቁላሏን እየሸጥሽ ደብተርሽን ግዢ» ብላ አንዲት ቀይ ዶሮ ሰጥታታለች። አንድ ቀን ልጅቱ ከክፍል ስወጣ ጠብቃ፣ «ጋሼ፣ ዶሮዬ ከሳችብኝ፤ እንቁላልም አቆመች። ምን ላድርግላት?» አለችኝ። እኔም ዶሮይቱን ሳላይ፣ ሳልዳስስ፣ እንደ ዐዋቂ ሆኜ «ታዲያ ይህ ምን ይጠየቃል! በቆሎ ጨምሪላት እንጂ» አልኳት።

የመምህር ቃል ነውና ልጅቱ እንዳልኳት አደረገች። ለራሷ ከተሰጣት ቆሎ ላይ ሳይቀር እየቀነሰች አበላቻት። በሦስተኛው ቀን ዶሮይቱ ሞተች። ልጅቱ በጨርቅ ጠቅልላ ትምህርት ቤት ድረስ ይዛት መጣች። አላለቀሰችም። «በቆሎውን እኮ ሰጥቻት ነበር» ብቻ አለችኝ። ያች ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

በወረዳችን ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይዘናት ሄድን። እሱም ከፍቶ አሳየን። ከዶሮ አንገት ሥር፣ ከደረቷ ከፍ ብሎ፣ የበላችው እህል መጀመሪያ የሚጠራቀምበት ከረጢት አለ። የዚያች ዶሮ ከረጢት በረጃጅም ደረቅ ሣርና በበቆሎ ተወጥሮ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር። ሣሩ ተጠላልፎ መውጫውን ስለዘጋው የምትበላው ወደ ታች አልወርድ ብሏል። ከረጢቷ ሙሉ፣ ሆዷ ባዶ። እንግዲህ ዶሮይቱ የሞተችው አፏ ላይ እህል እያለ በረሃብ ነው። እኔ አስጨመርኩላት የምለው በቆሎም በተዘጋ በር ላይ የተከመረ ጭነት ሆነባት።

አድማጮቼ፣ ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ የዛሬው ንግግሬም ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው። መክሳት ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም፤ የሌላ ነገር ምልክት ነው። ስለዚህ ከመመገብ በፊት «ለምን ከሳች?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በእርግጥ መክሳቷንም ማወቅ የሚቻለው በዓይን ሳይሆን በእጅና በሚዛን ነው።

ለምን በዓይን አይሆንም? ላባ ስለሚሸፍን ነው። ይህንንም የተማርኩት ደግሜ ተታልዬ ነው። ለልጅቱ ዶሮዋን ልተካላት ገበያ ወጥቼ አንዲት ገብስማ ዶሮ ገዛሁ። ላባዋ ተነፋፍቶ ስታዩዋት የሰባች ትመስላለች። ቤት ወስጄ ደረቷን ብዳስሰው አጥንቱ እንደ ቢላዋ ስለት እጄን ወጋኝ። ዶሮ ሲበርዳትና ሲያማት ላባዋን ትነፋለች፤ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ግን ወፍራም ትመስለዋለች። አያችሁ ነገሩን!

እንግዲህ አዳሰሱ እንዲህ ነው። ዶሮይቱን በቀስታ ያዟት። መዳፋችሁን ከደረቷ ሥር አድርጋችሁ በመካከል ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን አጥንት በጣታችሁ ፈልጉት። አጥንቱ ሹል ሆኖ፣ በግራና በቀኙ ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ከተገኘ ዶሮዋ ከስታለች። አጥንቱ በጣት እየተገኘ ሥጋው ግን ግራና ቀኙን ሞልቶ ከያዘ ደህና ናት። አጥንቱ ጭራሽ ተሸፍኖ የማይገኝ ከሆነ ደግሞ ከልክ በላይ ወፍራለች። ይህን አዳሰስ ገበያ ላይ ዶሮ ስትገዙም አትርሱት።

ሁለተኛው ሚዛን ነው። የአገራችን ነባር ሴት ዶሮ ለአካለ መጠን ስትደርስ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ተኩል ትመዝናለች። ሚዛን ከሌላችሁ ባለሱቁ አለው፤ ለአንድ ደቂቃ ቢጠየቅ አይከለክልም። ቅርጫቱን መጀመሪያ ባዶውን መዝኑ፤ ቀጥሎ ዶሮዋን ከትታችሁ መዝኑ፤ ከትልቁ ላይ ትንሹን ቀንሱ። የእኛ ቅርጫት ባዶውን 450 ግራም ነበር፤ ከገብስማዋ ጋር 1,290 ግራም ሆነ። ስለዚህ ገብስማዋ 840 ግራም ትመዝን ነበር ማለት ነው። ምዘናው በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ጠዋት እህል ሳትቀምስ ይሁን። ማታ የተመዘነችና ጠዋት የተመዘነች ዶሮ አንድ አይደሉም፤ ማታ ከረጢቷ ሙሉ ነውና። ቀኑንና ግራሙን በደብተር ላይ ጻፉት። ልብ ይረሳል፤ ደብተር ግን አይረሳም።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንለፍ። ዶሮ የምትከሳባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ በየቤታችን የሚያጋጥሙትን ዋና ዋናዎቹን ልጥቀስ።

አንደኛው የከረጢቱ ነገር ነው። ማታ ዶሮዋ ቆጥ ላይ ስትወጣ ከረጢቷን ዳስሱት፤ በደንብ የበላች ከሆነ እንደ ትንሽ ኳስ ሞልቶ ታገኙታላችሁ። በማግሥቱ ጠዋት ሳትመገብ እንደገና ዳስሱት፤ ጤነኛ ከሆነች ባዶ ሆኖ ያድራል። ጠዋትም እንደ ጠጠረ ካደረ ተዘግቷል ማለት ነው። እንደ ውሃ ቦርጭ ብሎ ካፏ የኮመጠጠ ሽታ ከወጣም ውስጡ ተበላሽቷል። በሁለቱም ጊዜ እህል አትጨምሩባት፤ ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ውሰዷት። እኔ ይህችን የአንድ ደቂቃ ዳሰሳ ባውቅ ኖሮ የልጅቱ ቀይ ዶሮ ምናልባት ትተርፍ ነበር።

ሁለተኛው የሆድ ትላትል ነው። መሬት እየጫረች የምትውል ዶሮ ከኩስ ጋር የትሉን እንቁላል ትለቅማለች። እህሉን እናንተ ታበሉና ጥቅሙን የሚወስደው ትሉ ይሆናል። ለዚህ መድኃኒት አለ። መጠኑን የሚወስነው ግን ባለሙያው ነው፤ መድኃኒቱ ከተሰጣት በኋላ እንቁላሏ ለስንት ቀን መበላት እንደሌለበትም አብራችሁ ጠይቁት።

ሦስተኛው ቅማልና ቅንቅን ነው። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አራተኛው የጉልበተኞች ነገር ነው። ዶሮዎች በመካከላቸው ደረጃ አላቸው። ጉልበተኛዋ ትበላለች፤ ደካማዋ ዳር ቆማ ታያለች። ባለቤቱ ግን «እህል በትኛለሁ፤ ሁሉም በልቷል» ብሎ ይገባል። ቁጭ ብላችሁ ማን እንደበላና ማን እንደተባረረ ተመልከቱ። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ እህሉን በሁለትና በሦስት ቦታ አራርቆ መስጠት፣ ከሳችዋንም ለብቻዋ ማብላት ነው።

አምስተኛው ተላላፊ በሽታ ነው። ኩሷ ደም ከቀላቀለ፣ ወይም አረንጓዴ ውሃ ከሆነ፣ አንገቷ ከተጣመመ፣ መተንፈስ ካቃታት፣ ይህ የመኖ ጉዳይ አይደለም። ከሌሎቹ ለይታችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ለባለሙያ አሳውቁ። በተለይ ፈንግል ከገባ የአንድ ቀበሌ ዶሮ በጥቂት ቀን ይጨርሳል። ፈንግል ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ያለው ክትባት ነው። ክትባቱ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታልና በየቀበሌያችሁ የክትባት ቀን ሲነገር ዶሮዎቻችሁን አታስቀሩ።

ከዚህ በተጨማሪ ያለ በሽታ የምትከሳ ዶሮም አለች። የምትታቀፍ ዶሮ ለ21 ቀን ከእንቁላሏ ላይ ብዙም ስለማትነሣ ትቀንሳለች። ላባዋን የምትቀይር ዶሮም እንዲሁ። እነዚህን አጠገባቸው እህልና ውሃ ማቅረብ እንጂ መድኃኒት አያሻቸውም።

የገብስማዋን ዶሮ ነገር ልቀጥል። አዲስ የመጣች ዶሮ በሽታ ይዛ ልትገባ ትችላለችና ልጅቱና እናቷ 14 ቀን ለብቻዋ አቆዩአት። ባለሙያው አይቷት የሆድ ትላትል እንዳለባት ነግሮን መድኃኒት ሰጣት። ከዚያ በኋላ ወደ ማብላቱ ገባን። እዚህ ላይ ሁለተኛውን ስሕተት እንዳትሠሩ አደራ እላለሁ፤ «አሁንማ ምክንያቱ ታውቋል» ብሎ በአንድ ጊዜ ማጥገብ አይገባም። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሆድ ብዙ ሲመጣበት ይታወካል። ሰውስ ከረጅም ሕመም ሲነሣ በአጥሚት ይጀምራል እንጂ በክትፎ ይጀምራል?

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ ፊቷ ይኑር። የተሰነጠቀ በቆሎ ወይም ቅንጬ በለብ ያለ ውሃ አርሳችሁ ጥቂት ጥቂት፣ በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ ስጧት። የቀረውን አንሡት፤ እርጥብ መኖ ቶሎ ይኮመጥጣል። አፏን ከፍቶ ጠቅጥቆ ማብላት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ እህሉ በመተንፈሻዋ ገብቶ ያንቃታል። ማታ ሙቅና ደረቅ ቦታ ትደር። የከሳች ዶሮ ከበረዳት የበላችውን ሁሉ ለሙቀት ታውለዋለች፤ ለሰውነቷ የሚተርፍ አይኖርም።

ከዚያ በኋላ በ7 ወይም በ10 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉ መኖ እለፉ። በቆሎና ማሽላ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ደረቷ ላይ የጎደለውን ሥጋ ብቻቸውን አይሠሩትም። በቆሎ ብቻ የምትበላ ዶሮ ሆዷ ውስጥ ጮማ ልትይዝ ትችላለች፤ ሥጋዋ ግን እንደጎደለ ይቀራል። ሥጋ የሚሠራው የኑግ ፋጉሎ፣ የተቀቀለ ባቄላ ወይም አኩሪ አተር፣ ምስጥና ትላትል ናቸው። አኩሪ አተር ጥሬውን አይሰጥም፤ ጥሬው መፈጨትን ያውካል። እኛ የምንቀላቅለው 5 ጣሳ የተሰነጠቀ በቆሎ፣ 2 ጣሳ ፉርሽካ፣ 2 ጣሳ የተደቆሰ የኑግ ፋጉሎ ነበር። ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ከደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት አንድ እፍኝ እንጨምርበታለን። ጎመንም በደቃቁ ከትፈን እንሰጣት ነበር። ዶሮ ጥርስ የላትምና እህሉን ሆዷ ውስጥ የምትፈጭበት ደቃቅ ጠጠርና አሸዋም ከደጃፏ አይጥፋ።

የማይሰጡትንም ልብ በሉ። የሻገተ እህል «ለዶሮ ምን አላት» ተብሎ አይሰጥ፤ ሻጋታው ጉበቷን የሚጎዳ መርዝ አለው። ጨው የበዛበት የወጥ ትራፊም ለዶሮ ጎጂ ነው። ረጃጅም ደረቅ ሣርና ገመድ ከአካባቢዋ ይነሣ፤ ቀይዋን ዶሮ የገደላት እሱ ነውና።

አሁን ደግሞ ስለ ደብተሩ ልንገራችሁ። ልጅቱ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ትመዝንና ትጽፍ ነበር። የመጀመሪያው ቅዳሜ 840፤ በሳምንቱ 830፤ ከዚያ 860፤ ቀጥሎ 910፤ ቀጥሎ 960። የመጀመሪያዋ 10 ግራም ስትቀንስ ልጅቱ ደንግጣ ነበር። ባለሙያው ግን «አንድ ምዘና ብቻውን አይፈረድበትም፤ አካሄዱን ተመልከቺ» ብሎ አረጋጋት። እውነትም ቁጥሩ እያደገ ሄደ። እኔም ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ተውኩት።

በስድስተኛው ቅዳሜ የልጅቱ እናት ደብተሩን ይዛ ቤቴ ድረስ መጣች። በዚያ ዓመት ማታ ማታ ፊደልና ቁጥር መማር ጀምራ ነበር። ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ፣ «አስተማሪ፣ እስቲ ይህን እይልኝ። ያለፈው ሳምንት 960 ይላል፤ የዛሬው 930 ነው» አለችኝ። እኔም ቀለል አድርጌ «እትዬ፣ እንቁላል ጥላ ይሆናላ!» አልኳት። እንቁላል ከ40 ግራም በላይ ሊመዝን ስለሚችል ነገሩ የሚመስል ነበር። እሷ ግን አልተቀበለችኝም። «እንቁላል መጣልማ መቼ ጀመረች? የምትበላውም አልቀነሰም። ታዲያ ሠላሳው ግራም የት ሄደ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ባለሙያውን ስንጠይቀው «በማታ ነጭ ጨርቅ ይዛችሁ ቆጡን ጥረጉት» አለን። እንዳለን አደረግን። ጨርቁ ላይ የደም ሰረዝ ተሰመረበት። ቅንቅን ነው ለካ! 14ቱ ቀን አልፎ ዶሮዋ ወደ ቤቱ ዋና ቆጥ ከገባች ወዲህ ሌሊት ሌሊት ደሟን ሲመጣት ኖሯል። ይህ ቅንቅን ቀን ቀን በእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ይውላል፤ ሲጨልም ወጥቶ ይመጥጣል። ስለዚህ ቀን ላይ ዶሮዋን ብታገላብጧት ምንም አታገኙም። እኛም ቆጡን አውጥተን በፈላ ውሃ አጠብነው፤ ፀሐይ ላይ አሰጣነው፤ ቤቱን ጠርገን ኩሱን አራቅን፤ ይህንንም በየጥቂት ቀኑ ደጋገምነው። ደረቅ አፈርና አመድ የምትታጠብበት ጉድጓድም አዘጋጀንላት። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቃችሁ፤ ለሰብል የሚረጭ መድኃኒት ዶሮ ላይ ወይም ቆጥ ላይ አትርጩ፤ ዶሮዋንም እናንተንም ይመርዛል። ለዶሮ የተዘጋጀውን ከባለሙያው ጠይቁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ 970 ሆነ። ከዚያ 1,020፤ ከዚያ 1,070። በአሥራ አንደኛው ሳምንት 1,140 ደርሳ ቆመች፤ ከዚያ በኋላ ብዙም ከፍ ዝቅ አላለችም። ደረቷን ስንዳስሰው አጥንቱ በጣት ይገኛል፤ ግራና ቀኙ ግን ሞልቷል። ልጅቱ «ጋሼ፣ ገና እናወፍራት?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚህ ጊዜ እንኳ ሳላይ አልመለስኩም። ባለሙያውን አስጠይቄ «ይበቃታል» አልኳት። ከልክ በላይ የወፈረች ዶሮ እንቁላል መጣል ይቸግራታል፤ ሙቀትም ይጎዳታል። የምንፈልገው የጮማ ዶሮ ሳይሆን ሥጋዋ የተመለሰላት ጤነኛ ዶሮ ነው። ጥቂት ቀን ቆይታ ገብስማዋ እንቁላል ጣለች። ልጅቱም በዚያው ደብተር ላይ ከግራሙ ጎን አዲስ መሥመር አስምራ «እንቁላል፦ 1» ብላ ጻፈች።

ከማብቃቴ በፊት ሁለት ነገር ላሳስብ። የታመመች ዶሮ ነክታችሁ እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ እህል አትንኩ፤ ሕፃናትም ኩስ ባለበት አይጫወቱ። ሁለተኛም፣ ዶሮዬ ከሳች፣ ልትሞትብኝ ነው ብላችሁ ቶሎ ወደ ገበያ አታውጧት። በሽታ ካላት በሽታውን ለሌላ እናት ቤት መሸጥ ነው። እኔም ገብስማዋን ስገዛ ሻጩ ያን አስቦ እንደነበር እጠረጥራለሁ።

እንግዲህ አድማጮቼ፣ ማታ ዶሮዎቻችሁ ቆጥ ላይ ሲወጡ አንድ በአንድ ደረታቸውንና ከረጢታቸውን ዳስሱ። የከሳች ካገኛችሁ እህል ከማንሣታችሁ በፊት ጠዋት ከረጢቷን እንደገና ዳስሱ፤ ከዚያም መዝኑ፣ ጻፉ። የማታውቁትን ባለሙያ ጠይቁ፤ ጠያቂ ሲመጣባችሁም ሳታዩ አትመልሱ። ያ ሁሉ ከልጅቱ ቀይ ዶሮ የተገኘ ትምህርት ነውና ከንቱ አይቅር።